አንድ ላይ ሲጮኹ ሁሉም ያውቃሉ

(ለልምምድ ወደ ትምህርት ቤቶች ለሚወጡ እጩ መምህራን የቀረበ ንግግር። ከድምፅ ቅጂ የተጻፈ ስለሆነ መደጋገሙን እንዳለ ትቼዋለሁ።)

እንደምን አረፈዳችሁ! ከኋላ ይሰማል? የሚሰማችሁ እጃችሁን አውጡልኝ። እሺ፣ ጥሩ ነው።

ውድ የኮሌጁ መምህራን፣ ከየትምህርት ቤቱ የመጣችሁ ተባባሪ መምህራን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰኞ ጠዋት ጠመኔ ይዛችሁ ክፍል የምትገቡ እጩ መምህራን፣ ስለጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። እኔም እዚህ አዳራሽ ተቀምጬ አውቃለሁ። ከኋላ፣ በሩ አጠገብ። ለምን በሩ አጠገብ እንደሆነ አሁን እዚያ የተቀመጣችሁት ታውቁታላችሁ።

ዛሬ እንድናገር የተጠየቅኩት ስለ ፕራክቲከም፣ ማለትም ትምህርት ቤት ገብተን ስለምናደርገው የማስተማር ልምምድ ነው። እጩ መምህርት ሳለሁ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ አንደኛ ክፍል ገብቼ ፊደል ስላስተማርኩበት ጊዜ። ስለ ሥነ ልቦና፣ ስለ ማስተማር ዘዴ፣ ስለ ምዘና የተማራችሁትን አልደግምላችሁም። ያንን ፈተና ላይ ጽፋችሁታል፣ አልፋችሁበታል። እኔ ሦስት ነገር ነው የማነሳው። አንደኛው ስለ ልጆቹ ነው። ሁለተኛው ስለ ጩኸት ነው። ሦስተኛው ስለዚያ ስለምትፈሩት፣ ስታስተምሩ አይተው ነጥባችሁን ስለሚሞሉበት የምልከታ ቅጽ ነው። ሁለተኛው ይረዝማል፤ ከአሁኑ ይቅርታ።

እንጀምር። አንደኛ፣ ልጆቹ።

እዚህ ኮሌጅ ጓደኞቻችሁን «ልጆች» እያላችሁ አስተምራችኋል አይደል? ጺሙን የተላጨ ጎረምሳ ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ፣ ድምፁን አቅጥኖ፣ «ቲቸር፣ አልገባኝም» ይላችኋል። እናንተም በትዕግሥት ታስረዱታላችሁ። ከዚያ ይገባዋል። መምህራችሁም ነጥብ ይሰጣችኋል።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የአንደኛ ክፍል ልጅ «አልገባኝም» ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም። አሁንም አንደኛ ክፍል ነው የማስተምረው፣ አሁንም አልሰማሁም። የሚሉት ሌላ ነው። «ቲቸር፣ ላጲሴን ወሰደብኝ።» «ቲቸር፣ ገፋችኝ።» «ቲቸር፣ ሽንቴ መጣ።» «ቲቸር፣ እማዬ ልትወልድ ነው።» አንዱ ሽንት ቤት ሲሄድ የረድፉ ሁሉ ሽንት ይመጣል። አንዷ እርሳስ ልትቀርጽ ስትነሳ የሁሉም እርሳስ ይሰበራል። «ጨረስኩ» ብሎ ደብተሩን ፊታችሁ ላይ የሚዘረጋ ልጅ አለ፤ ስታዩት ቀኑን ብቻ ነው የጻፈው።

የመጀመሪያው ትምህርቴ የበ ዘር ነበር። በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ፣ ቤ፣ ብ፣ ቦ። ዕቅዱን ጽፌ፣ አስፈርሜ፣ በትልቅ ወረቀት ላይ በግ ስዬ ገባሁ። ዕቅዱ ላይ «ማስተዋወቂያ፣ 5 ደቂቃ» ይላል። በጉን ከፍ አድርጌ «ልጆች፣ ይሄ ምንድን ነው?» አልኩ። «በግ!» አሉ። እስከዚህ ድረስ ልክ እንደ ዕቅዱ ነው።

ከዚያ አንዱ ተነሳ። «ቲቸር፣ እኛ ቤት በጉን አባባ አረደው።» ሌላዋ ተነሳች። «የኛ ግን አምልጦ ጎረቤት ገባ።» ሦስተኛው፣ «ቲቸር፣ እኔ ለበጉ ስም አውጥቼለት ነበር» አለና ድምፁ ተቆረጠ። ልጁ ሊያለቅስ ነው። ፋሲካ ካለፈ ብዙም አልቆየም ነበርና ሐዘኑ ትኩስ ነው። ክፍሉ ጸጥ አለ። ሁሉም ወደ እኔ ያያል።

እንግዲህ ምን ይደረጋል? ዕቅዱ ስለዚህ ምንም አይልም። እኔ ልጁን ወደ ሰሌዳው ጠራሁትና የበጉን ስም ጠየቅኩት። «ቦቢ» አለኝ። የውሻ ስም ነው፤ ግን በጉ የሱ ነው፣ ምን አገባኝ። ሰሌዳው ላይ ቦን ጻፍኩ። «ይቺ ቦ ናት፤ የቦቢ ቦ» አልኩ። ያን ቀን ከቦ ጀምረን ወደ ኋላ ሄድን። አምስቱ ደቂቃ አሥራ አምስት ሆነ። ተባባሪ መምህሬ ከኋላ ሆና ሰዓቷን ሳይሆን ልጁን ነበር የምታየው። ወጥተን ስንሄድ፣ «በጉን ተይው፤ ቡና ሳይ። ቡና ላይ ማንም አያለቅስም» አለችኝ። ቀልዷን ነው። ግን ከፋሲካ በኋላ ለሚመደብ ሰው ጥሩ ምክር ነው።

ስለ ልጆቹ ሌላ ብዙ ማለት ይቻላል፤ አልፈዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የምገባ ፕሮግራም አለ፤ ልጆቹ ቁርስና ምሳ እዚያው ይበላሉ። ስለዚህ ከቁርስ በኋላ ያለው ክፍለ ጊዜ ወርቅ ነው። ተባባሪ መምህራችሁ ምርጫ ከሰጠቻችሁ እሱን ውሰዱ። ከምሳ በኋላ የተመደባችሁ ግን እግዚአብሔር ያግዛችሁ።

ወደ ሁለተኛው ልሂድ። ጩኸት።

ጩኸት ስል ረብሻ ማለቴ አይደለም። ረብሻው ቀላል ነው። እኔ የምለው ጥሩውን ጩኸት ነው። «ሁላችሁም አንድ ላይ!» ስንል የሚመጣውን። «በ በግ! ቡ ቡና! ቢ ቢላዋ! ባ ባቡር! ቤ ቤት! ብ ብር! ቦ ቦርሳ!» ጣሪያው ይነቃነቃል። ደስ ይላል። እውነቴን ነው፣ ለእጩ መምህር ከዚህ የሚበልጥ ደስታ የለም። አስተማርኩ፣ ገባቸው፣ ይኸው እየጮኹ ነው ትላላችሁ። ዳይሬክተሩ በመስኮት አልፎ ራሱን ይነቀንቃል።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። ሃምሳ ልጅ አንድ ላይ ሲጮህ ስንቱ ነው የሚያነበው? ስንቱስ ነው ጎረቤቱን የሚከተለው?

ይሄን ጥያቄ እኔ አልፈጠርኩትም። ያመጣው አያቴ ነው። አያቴ የኔታ ዘንድ ፊደል የቆጠረ ሰው ነበር። ፕራክቲከም መውጣቴን ሲሰማ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ደመወዝ ነው። ደመወዝ እንደሌለው ስነግረው አዘነልኝ። ሁለተኛ የጠየቀኝ፣ «አቡጊዳ ታስቆጥሪያቸዋለሽ?» ብሎ ነው። «አይ፣ ሀ ሁ ነው» አልኩት። «ሀ ሁን ማንም ይዘፍናታል» አለኝ።

እስቲ እንሞክረው። ሁላችሁም ዓይናችሁን ጨፍኑ። ጨፈናችሁ? አሁን ሀ ሁ ሂን በሉ። (ታዳሚው በአንድነት፦ ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ፣ ሄ፣ ህ፣ ሆ!) በጣም ጥሩ። ዓይናችሁ ተጨፍኖ አነበባችሁ ማለት ነው! አሁን ደግሞ አቡጊዳን በሉ። (አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ!) ጎበዞች። ቀጥሉ፣ ሁለተኛው መስመር። (ሳቅ) ምነው ዝም አላችሁ? ዓይናችሁን ክፈቱ፣ ግድ የለም።

አያችሁ? አቡጊዳ የተሠራው ለዚህ ነው። አ ከግዕዙ፣ ቡ ከካዕቡ፣ ጊ ከሣልሱ፣ ዳ ከራብዑ እያለ ፊደሉን በሰያፍ ያስኬደዋል። አንዱን መስመር በቃል ብትይዘው ሌላው መስመር ይመጣብሃል። ዜማው አያድንህም። ማየት አለብህ። አያቴ እንደነገረኝ የኔታ ሀ ሁን ካስቆጠሩ በኋላ አቡጊዳ ያስገባሉ፤ ከዚያ የዮሐንስ መልእክትን ያስነብባሉ፤ ዳዊት ከዚያ በኋላ ነው። ልጁ በስንደዶ እያንዳንዷን ፊደል እየነካ ያነባል። አንድ በአንድ። ስንደዶው አንዷ ላይ ሆኖ አፉ ሌላዋ ላይ ከሆነ የኔታ ያውቃሉ። «ስንደዶው ቢስትም አለንጋው አይስትም» ይለኝ ነበር አያቴ፣ እየሳቀ። አለንጋውን ተዉት። በምንም ምክንያት አታንሱት። ስንደዶውን ግን ውሰዱ።

እንግዲህ ይሄን ሰምቼ ክፍል ገባሁ። ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ነው፤ ልጆቹ በንም ከንም ደንም ተምረዋል። ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፦ «አበበ በሶ በላ።» «አንብቡ!» አልኩ። «አበበ በሶ በላ!» ጣሪያው ተነቃነቀ። ይቺን ዓረፍተ ነገር በኢትዮጵያ ምድር የማያውቅ አለ? ወላጆቻቸውም ያውቋታል። አበበ ያን በሶ እስከዛሬ አልጨረሰውም።

ከዚያ ከሥሩ ሌላ ጻፍኩ። «ከበደ በሶ በላ።» ምንም አላልኩም። በጣቴ ብቻ ጠቆምኩ። «አንብቡ!»

ምን ያሉ ይመስላችኋል?

«አበበ በሶ በላ!» ክፍሉ በሙሉ። እንደ ቅድሙ ጮክ ብለው፣ እንደ ቅድሙ ደስ ብሏቸው። እንደገና ጠቆምኩ። «አበበ በሶ በላ!» ሦስተኛ ጠቆምኩ። መስኮቱ አጠገብ የምትቀመጥ፣ የፊት ጥርሶቿ የወለቁ፣ ድምፅዋን ሰምቼ የማላውቃት ልጅ አለች። ቀስ ብላ፣ «ከበደ ነው እኮ» አለች። ጓደኞቿ ዞር ብለው ምን አሏት? «ዝም በይ! አበበ ነው!»

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። በዚያ ክፍል ስታነብ በእርግጠኝነት የሰማኋት አንዲት ልጅ ናት፤ እሷንም ዝም አሰኟት። ሌሎቹ ሰነፎች አይደሉም። ጎበዞች ናቸው። የተጠየቁትን ነው ያደረጉት። ጩኹ ተባሉ፣ ጮኹ። አስታውሱ ተባሉ፣ አስታወሱ። «አንብቡ» ሲባሉ ግን ማንበባቸውን ያየ ማንም አልነበረም። አንድ በአንድ ያዳመጣቸው ማንም አልነበረም።

ይሄ የአንድ ክፍል ታሪክ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎች የንባብ ችሎታ በተለያዩ ቋንቋዎች ተመዝኖ ነበር። ምዘናው ልጆቹን አንድ በአንድ ቁጭ አድርጎ የሚያስነብብ ነው። የ2ኛ ክፍል ልጆች አንድ ሦስተኛ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። አንዲት ቃል! እነዚህ ልጆች ሁለት ዓመት ትምህርት ቤት ሄደዋል። ሁለት ዓመት ጮኸዋል። ከዚያ ወዲህ መጻሕፍቱ ተቀይረዋል፣ ሥርዓተ ትምህርቱ ተቀይሯል፣ የመጀመሪያ ደረጃው እስከ 6ኛ ክፍል ሆኗል። «አንድ ላይ!» የሚለው ግን አልተቀየረም። ሰኞ ገብታችሁ ታዩታላችሁ።

አሁን «እሺ፣ ምን እናድርግ?» ትላላችሁ። ልክ ናችሁ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ለአንድ ክፍል የተቀመጠው ደረጃ 50 ተማሪ ነው፤ ከዚያ በላይ የሆነበትም አለ። 40 ደቂቃውን ለ50 ብታካፍሉት ለአንድ ልጅ 48 ሰከንድ ይደርሰዋል። ስም ሳትጠሩ፣ ሰሌዳ ሳታጠፉ፣ ሽንት ቤት የሚሄድ ሳይኖር። ስለዚህ በየቀኑ ሁሉንም ማዳመጥ አይሆንም። አይሞከርም።

እኔ የያዝኩት ይሄን ነው፦ በቀን አምስት ልጅ። ሌሎቹ ደብተር ላይ ሲጽፉ አምስቱን ተራ በተራ ወደ ጠረጴዛዬ እጠራለሁ። ፊደሎቹ በተዘበራረቀ ቅደም ተከተል የተጻፉበት ካርቶን አለኝ፤ ከብስኩት ካርቶን የቆረጥኩት ነው። ስንደዶ አዲስ አበባ ላይ ከየት ይመጣል? እስክሪብቶ ይበቃል። «ይቺ ምንድን ናት? ይቺስ?» ሁለት ደቂቃ ለአንድ ልጅ። ትንሽ ደብተር ላይ ያወቃትንና ያላወቃትን ፊደል እጽፋለሁ። 50 ልጅ ካለ በአሥር የትምህርት ቀን ሁሉም ይደርሳቸዋል፤ ሁለት ሳምንት ነው። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው።

ይረብሻሉ ብላችሁ ትፈራላችሁ። መጀመሪያ ይረብሻሉ፣ አዎ። ግን ልጆቹ ተራቸውን ይወዱታል። አንድ መምህር ፊቱን ሙሉ በሙሉ ወደነሱ የሚያዞርበት ሁለት ደቂቃ ነውና። «ቲቸር፣ ዛሬ የኔ ተራ ነው!» እያለ በር ላይ የሚጠብቀኝ ነበር።

ስታዳምጡ ደግሞ በጩኸት ውስጥ የማይሰማ ነገር ትሰማላችሁ። አንድ ልጅ ነበረኝ። በጩኸቱ አንደኛ፤ እንዲያውም የሚያስጮኸው እሱ ነው። ጠረጴዛዬ ጋ መጣ። «አባባ» ብለህ ጻፍ አልኩት። «አቦቦ» ብሎ ጻፈ። አንብበው አልኩት። «አባባ» አለ፣ ኮርቶ። ቤት ውስጥ «ቸልተኛ ነው» ይሉታል፤ እናቱ እንደዚያ ነው የነገረችኝ። እርሳሱን ቀምታ ስንቴ እንዳስደገመችው!

እስቲ ባንና ቦን ልብ ብላችሁ እዩዋቸው። ባ ቀኝ እግሩ ይረዝማል። ቦ ግራ እግሩ ይረዝማል። አንዱን በመስታወት ብታዩት ሌላውን ነው የምታገኙት። ሳና ሶም እንደዚያው ናቸው። ላና ሎም እንደዚያው። አሁን የስድስት ዓመት ልጅ ሁኑና አስቡት። ከተወለድክ ጀምሮ የተማርከው ሲኒ፣ ጆሮው ወደ ግራም ቢዞር ወደ ቀኝም ቢዞር ሲኒ መሆኑን ነው። አንድ ቀን ትምህርት ቤት ትገባለህ፤ ሴትዮዋ «አይ፣ ይሄ ወደዚህ ሲሆን ሌላ ነገር ነው» ትልሃለች። ምን አመጣው? በዚህ ዕድሜ ፊደል ገልብጦ መጻፍ የተለመደ ነው። ስንፍና አይደለም፣ በሽታም አይደለም። አብዛኞቹ ይተዉታል። ግን ማገዝ ይቻላል።

እንዴት? ባንና ቦን በአንድ ቀን አታስተምሩ። ባ እስኪጸና ቦን አቆዩት። ሁለተኛ፣ እግራቸውን ተጠቀሙ። እኔ ልጆቹን አስነስቼ «ባ!» ስል ቀኝ እግራቸውን ወደ ፊት እንዲያወጡ አደረግኩ፤ «ቦ!» ስል ግራውን። እዚህ ጋ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ፊታችሁን ወደ ልጆቹ አዙራችሁ ቀኝ እግራችሁን ብታወጡ፣ እነሱ የሚያዩት በግራቸው በኩል ነው። ስለዚህ ዞር በሉ። እንደነሱ ወደ ሰሌዳው ቁሙ። ጀርባችሁን ሰጥታችሁ፣ የነሱ ቀኝ የናንተ ቀኝ ሆኖ፣ አብራችሁ አድርጉ። «አባባ» ብሎ በትክክል የጻፈ ቀን ልጁ ደብተሩን ይዞ ክፍሉን ሦስት ጊዜ ዞረ።

አንድ ሌላ ታሪክ፣ አጭር ነው። በቢ የሚጀምር ቃል አምጡ አልኩ። «ቢላዋ!» «ቢራቢሮ!» «ቢጫ!» አንዲት ልጅ ተነስታ «ቢሻን!» አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «ቲቸር፣ ውሃ ነው የሚባለው!» ልጅቷ ቤት ውስጥ የምትናገረው አፋን ኦሮሞ ነው። ልትቀመጥ ስትል «ቁሚ፣ ቁሚ» አልኳትና ቢሻንን ከቢላዋና ከቢራቢሮ ሥር ጻፍኩት። የጠየቅኩት ድምፁን ነው፤ ድምፁን ደግሞ በትክክል ሰምታለች። አንዳንዶቻችሁ «የአማርኛ ክፍለ ጊዜ አይደል እንዴ?» ትሉ ይሆናል። ነው። አማርኛዋንም አስተማርኳት፤ «በአማርኛ ውሃ እንላለን» ብዬ። ግን ልክ የመለሰችን ልጅ ተሳስተሻል ብዬ አላስቀምጥም። ከዚያ ቀን በኋላ ሌሎቹም ከየቤታቸው ቃል ማምጣት ጀመሩ። ስንት ዓይነት ቤት በዚያ ክፍል ውስጥ እንዳለ ያወቅኩት ያኔ ነው።

ደከማችሁ? ትንሽ ነው የቀረኝ። ሦስተኛውና የመጨረሻው፣ ቅጹ።

ፕራክቲከም እንዲህ እንደ ዛሬው የበዛው በ1995 ዓ.ም. የመምህራን ሥልጠናው ሲሻሻል ነው። እጩው ከመጀመሪያው ጀምሮ ትምህርት ቤት ይመላለስ፣ ይይ፣ ያግዝ፣ ከዚያ ለብቻው ያስተምር ተባለ። ሐሳቡ መልካም ነው፤ እደግፈዋለሁ። ሰው ወንዝ ዳር ቆሞ ዋና አይማርም። ከሐሳቡ ጋር ግን ቅጽ መጣ። ቅጽ ላይ ደግሞ ሳጥን አለ። ሳጥን ውስጥ ቁጥር ይገባል።

ያን የባና የቦ ትምህርት ሳስተምር ሊገመግመኝ ሱፐርቫይዘር መጥቶ ነበር። ከኋላ ቁጭ አለ። ቅጹን ሲሰጠኝ ምን ጽፏል? «ለተማሪዎች ጀርባዋን ትሰጣለች።» ተሳትፎ የሚለው ላይ ደግሞ ዝቅተኛ። ለምን? ልጆቹ ደብተር ላይ እየጻፉ ነበር፣ እኔ አምስቱን ተራ በተራ እያስነበብኩ ነበር፤ ክፍሉ አልጮኸም። አጠገቤ ያለው ክፍል የገባ ጓደኛዬ ሙሉውን ክፍለ ጊዜ አስጮኸ፤ ሙሉ ነጥብ አገኘ። ጓደኛዬ ጎበዝ መምህር ነው፣ አሁንም ነው፤ ሐሜት እንዳይመስልብኝ።

ውድ የኮሌጁ መምህራን፣ ውድ ተባባሪ መምህራን፣ ቅጹን የምትሞሉት እናንተ ናችሁ። ልለምናችሁ ነው የመጣሁት። ስትመጡ ከኋላ ብቻ አትቀመጡ። ትምህርቱ ሲያልቅ ከወንበራችሁ ተነሱ። አንድ ልጅ ምረጡ። እጁን ያላወጣውን። አጠገቡ ቁጭ በሉና ደብተሩ ላይ አንዲት ፊደል ጠቁሙ። «ይቺ ማናት?» በሉት። አንድ ደቂቃ ነው። ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን ቁጥር ሙሉ። እኔ አልከራከራችሁም።

እናንተ እጩዎች ደግሞ፣ ለነጥብ ብላችሁ ማስጮህ ካለባችሁ አስጩኹ። ሕይወት ነው፣ መመረቅ አለባችሁ። ጩኸቱ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ልጆቹን ያነቃል፣ ዜማው ይይዛቸዋል፣ እኔም አሁን ድረስ ጠዋት ጠዋት አስጮሃለሁ። ግን አትመኑት። ጮኸው ሲጨርሱ ሰሌዳው ላይ ከበደን ጻፉ።

ጨርሻለሁ። ጥያቄ ካለ ሰዓቱ ይበቃናል ተብያለሁ።

(ከታዳሚው፦ ክፍሉ ሲረበሽ ጮክ ብለን ዝም ማሰኘት አለብን ወይስ?)

አትጩኹ። የናንተ ድምፅ አንድ ነው፣ የነሱ ሃምሳ፤ ትሸነፋላችሁ። ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉና የሚያጓጓ ነገር ጀምሩ። «ትናንት ማታ ምን እንዳየሁ ታውቃላችሁ?» በሉ፣ በሹክሹክታ። ከፊት ያሉት ኋላ ያሉትን ዝም ያሰኙላችኋል። ከዚያ ግን የሆነ ነገር ማየት አለባችሁ፤ እንዳታሳፍሩን።

(ከታዳሚው፦ ተባባሪ መምህራችን «እንግዲህ አንቺ ነሽ» ብላ ክፍሉን ጥላልን ብትወጣስ?)

ትወጣለች። ሁሉም ባይሆኑ አንዳንዶቹ ይወጣሉ። አትፍረዱባቸው፤ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል አንድ መምህር ሁሉንም ትምህርት ቀኑን ሙሉ ያስተምራል፣ የሻይ ሰዓት እንኳ የላቸውም። ግን ከመውጣቷ በፊት በር ላይ ያዟት። «ጎበዞቹ እነማን ናቸው?» ብላችሁ አትጠይቋት፤ እነሱን በአምስት ደቂቃ ውስጥ ራሳችሁ ታውቋቸዋላችሁ። «ሲጮኹ የሌላ ልጅ አፍ እያዩ የሚጮኹት የትኞቹ ናቸው?» በሏት። ወዲያው ትነግራችኋለች፤ ሁሉም መምህር ያውቃቸዋል። ስማቸውንና የሚቀመጡበትን ቦታ ጻፉ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ልጆቻችሁ እነሱ ይሁኑ። ሌላ ጥያቄ?